ሳላ በቀትር አይጠብቅም፦ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ሁለት ጊዜ አዋሽ ፓርክ የሄዱበት ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው አልጋችን ሲነቃነቅ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ መሬት ዕረፍት አጥቶ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ያንን ጊዜ አንረሳውም። ሌሊት አምፖሉ ይወዛወዛል። ቡፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። ሕንፃ ከታች ይልቅ ከላይ ስለሚወዛወዝ፣ አራተኛ ፎቅ ያለነው ግራውንድ ካሉት ይበልጥ ይሰማን ነበር። ልጆቻችንን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ደረጃ የወረድንባቸው ሌሊቶች አሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር። እዚያው አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። የእኛ ድንጋጤ ከእነሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ዜናው በየቀኑ "ፈንታሌ" ይላል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አንድ ማታ "ፈንታሌ ማን ነው?" አለችኝ። ሰው መስሏት ነበር። ተራራ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ሄደን እናየዋለን?" አለች።

ቀጥታ ቢለካ ፈንታሌ ከእኛ ብሎክ ከ130 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ሥሩ ደግሞ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በሀገራችን በቅድሚያ ከተቋቋሙት ፓርኮች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በአዋጅ ጸና። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የፈጣን መንገዱ የክፍያ በር ያለው እኛው ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ለአዋሽ የምንቀርበው እኛ ነን ማለት ይቻላል። ከብሎካችን ነዋሪዎች ግን ፓርኩን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለ እሳቸው ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

መንቀጥቀጡ ረገብ ካለ በኋላ፣ በተከታዩ ኅዳር ሄድን። አልተሳካም። ጥር መጨረሻ ላይ ተመልሰን ሄድን። ያኔ ተሳካ። ፓርኩ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። በሁለቱ ጉዞዎች መሃል ምን እንደተለወጠ በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ የሚያስቡ ብዙ ወላጆች ስለሚጠይቁኝ ነው። የጉዞው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ሰዓቱንም ወጪውንም ደብተር ላይ እይዝ ነበር። የምጽፈው ከዚያ ደብተር ነው።

ዕቅዱ

የመጀመሪያው ስብሰባ ኮሚዩናል፣ ማለትም የነዋሪዎች የጋራ ቤት ውስጥ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ልጆች በር ላይ እየተጋፉ። ሃያ ስድስት ሰው ተመዘገበ፤ አሥራ አምስት አዋቂ፣ አሥራ አንድ ልጅ። አንድ ኮስተር እንከራያለን፣ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን፣ ምሳ ከቤት ይዘን እንወጣለን። ለአዋቂ 1,500 ብር ወጣ። ሁሉም ተደሰተ።

ያኔ አባባ እጃቸውን አነሱ። አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ልጃቸው ጋር ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ብሎኩ በሙሉ "አባባ" ነው የሚላቸው። በሥራ ዘመናቸው አዋሽ ጣቢያ ለዓመታት ቆይተዋል።

"ልጆቼ፣ አዋሽ ደርሶ መልስ አይሆንም" አሉ። "እዚያ ማደር ያስፈልጋል። ሳላ በቀትር አይጠብቅም።"

ሳላ የአዋሽን ሜዳ የሚግጠው፣ ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ነው። ሁላችንም በአክብሮት ሰማናቸው። ግን ማደር ማለት የአልጋ ወጪ ነው። "ለሌላ ጊዜ እናየዋለን አባባ" ተባለና ታለፈ። ያንን ያለሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ስህተት ሠርተናል። ልጆቹ ስለ ሳቫና የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ ይጠብቁ ነበር። እኛም አላረምናቸውም፤ ደስታቸውን ማደብዘዝ አልፈለግንም። አዋሽ ውስጥ ቀጭኔ የለም። አንበሳ አለ፤ ግን ጥቂትና የሌሊት ተጓዥ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ስፋቱ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዋሽን ሃያ እጥፍ ያህል። እዚያ ዊልድቢስት የሚባለው ሣር በል እንስሳ ከሚሊዮን በላይ ሆኖ ይሰደዳል። አዋሽን በዚያ ዓይን ካየነው መጀመሪያውኑ ተሸንፏል። አዋሽ የራሱ ነገር አለው፤ ያንን ግን ለልጆቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የኅዳሩ ቅዳሜ

ቀጠሮው ከሌሊቱ 11፡30 ነበር። ኮስተሩ 12፡50 መጣ። ዕቃ ሲጫን፣ ልጅ ሲቆጠር፣ የረሳ ሰው ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ፣ 1፡15 ተነሳን።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው፤ እኛ ግን ዘፈን ከፍተን አለፍነው። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የፓርኩ ሜዳ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ። ከአዳማ በኋላ ጤፉ ይቀራል። ወለንጪቲን ስታልፍ ግራሩ ይበዛል፣ ግመል ይታያል፣ ጃኬት ይወልቃል። ዝናቡም የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ነው። ሳቫና የሚባለው መልክዓ ምድር የሚፈጠረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ዝናቡ ሣር ለማብቀል ይበቃል፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ለማቆም ግን አይበቃም። ዛፎቹ ተራርቀው ይቆማሉ። የሚበቅለውን ችግኝ ደግሞ እሳትና ግጦሽ ይቀንሱታል። ሜዳው ሜዳ ሆኖ የሚቀረው በእነዚህ ሁሉ ትግል ነው።

አዳማ ቁርስ በላን። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በሰቃ ሐይቅ ጋ ቆመን ፎቶ ተነሳን፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሐይቁን ያላየ ሰው ቢያየው አይፈረድበትም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ውሃው መሬትና ግጦሽ እየዋጠ መጥቷል። አስፋልቱ የሚያልፈው በሁለት በኩል ውሃ ይዞ ነው።

ፓርኩ በር ስንደርስ 5፡50። እኩለ ቀን ሊሆን አሥር ደቂቃ።

ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነበር። የኮስተሩ ሹፌር ከዋናው የጥርጊያ መንገድ ወጥቶ ወደ ጎን መንገዶች አልገባም አለ፤ መኪናው ዝቅተኛ ነው፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ፏፏቴው ነዳን። ኅዳር ስለሆነ ሣሩ ገና ረጅም ነበር። ከሣሩ በላይ የሚታየው የግራር ጫፍ ብቻ ነው። ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጥፈው "የታል? የታል?" ይላሉ። የሚታይ ግን የለም።

የአዋሽ ፏፏቴ ግን አላሳፈረንም። ቡናማው ውሃ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲዘረገፍ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ታች አንድ አዞ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ጦጣዎች ከአንዷ ጎረቤታችን እጅ ሳምቡሳ ነጠቁ። ከርከሮ ከነልጆቹ ጭራውን አቁሞ ሲሮጥ አየን። ስንመለስ ደግሞ በጣም ርቀው ሦስት ነጠብጣቦች ታዩ። አብሮን ያለው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ "ሳላ ናቸው" አለ። ግራር ሥር ቆመው አይንቀሳቀሱም። ልጆቹ አላመኑትም። ድንጋይ ነው አሉ።

በብዛት ያየነው ከብት ነው። ላም፣ ግመል፣ ፍየል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ "ማሚ፣ ከብት ለማየት ነው እንዴ የመጣነው?" አለ። አዋቂዎቹ ሳቁ። እሱ ግን ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

መሽቶ እንዳይደርስብን 9፡00 ላይ ከፓርኩ ወጣን። ማታ 2፡00 ቱሉ ዲምቱ ገባን። ልጄ ተኝታ ነበር የወረደችው። ፈንታሌን በመስኮት አሳይቻታለሁ፤ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ ግራጫ ሆኖ። "እሱ ነው?" ብላ ዞረች። ይኸው ነው።

ደብተሩ ምን አለ

በሳምንቱ ኮሚዩናል ተሰበሰብን። ቅሬታው ብዙ ነበር። አንዱ ሹፌሩን፣ አንዷ የቁርስ ሰዓቱን፣ ሌላው ፓርኩን ወቀሰ። "እንስሳ አልቋል፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው" ያሉም ነበሩ። የእንስሳቱ ቁጥር ከድሮው መቀነሱ እውነት ነው። ያ ግን የእኛን ቀን አያብራራም።

ደብተሩን ከፍቼ ደመርኩ። ከቤት እስከ ቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ሆነናል። ፓርክ ውስጥ የቆየነው ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ምዝገባና ክፍያ ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ምሳ አንድ ሰዓት ከአሥር። ፏፏቴው ሃምሳ ደቂቃ። እንስሳ የፈለግንበት ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። እሱም የቀኑ ሙቀት ጫፍ በደረሰበት ሰዓት፣ ሞተር እያጓራ፣ ሃያ ስድስት ሰው እየተንጫጫ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ ምንም አላሉም። "ብያችሁ ነበር" የሚል ሰው አይደሉም።

ስለ ሳላ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ይህ እንስሳ ደረቅ ምድር ላይ የሚኖረው ውሃ ባለማባከን ነው። ሲሞቀው እንደ እኛ ቶሎ አያልበውም። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ እንዲወጣ ይተወዋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቀዋል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም፣ በአፍንጫው በኩል ከቀዘቀዘ ደም ጋር ጎን ለጎን እያለፈ ይበርዳል። ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ዝም ብሎ መቆም። የሚግጠው በማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሌሊትም ይግጣል። እኛ 5፡50 ገብተን 9፡00 ወጣን። ሲያርፍ ደርሰን፣ ሊነሳ ሲል ሄድን።

ዋናው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዞውን የቀረጽነው በመንገዱ ሰዓት ነው። መቼ እንነሳለን፣ የት እንበላለን፣ ሳይመሽ እንዴት እንመለሳለን። እዚያ ያሉት ፍጥረታት መቼ ይወጣሉ ብሎ የጠየቀ የለም። የጠየቀ ሳይሆን የነገረን አንድ ሰው ነበር።

አባባን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ተይው ልጄ" አሉኝ። "በሚቀጥለው እኔን ይዛችሁ ሂዱ። በኅዳር የቀረሁት ጉልበቴ ኮስተር ላይ ስለማይታጠፍ ነው።"

አቃቂ ላይ ያየነው

ከሁለተኛው ጉዞ በፊት አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማን። ልጆቹ ዝም ማለት ይችላሉ ወይ? ይህንን ለማወቅ 200 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ እሑድ ማለዳ ስምንት ልጆች ይዘን በሚኒባስ ወደ አቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረጋማ ቦታ ወረድን። ከሰፈራችን ቅርብ ነው። ስንደርስ ፀሐይ ገና አልሞቀችም።

ደንቡ ቀላል ነበር። ለሃያ ደቂቃ ማንም አይናገርም። ያየውን በጣት ያሳያል። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ከባድ ሆነ። ከዚያ ግን የታጨደው የሽምብራ ማሳ ላይ ትልልቅ ግራጫ ወፎች ሲራመዱ ታዩ። ረጅም እግር፣ ረጅም አንገት፣ ጥቁርና ነጭ ራስ። እነዚህ ክሬን የሚባሉት ወፎች ናቸው፤ የሰሜን አውሮፓንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው በየዓመቱ ይመጣሉ። አንዱ ጮኸ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። ልጄ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ሃያው ደቂቃ ካለቀ በኋላም ማንም አልተናገረም።

እዚያው ላይ ሌላ ነገር ተገናኘ። አንዱ ጎረቤታችን የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለልጆቹ መሬት ላይ በእንጨት ሥዕል ሣለላቸው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ እዚህ አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፣ ከዚያ አዋሽ ውስጥ ይገባሉ፣ አዋሽ ቆቃ ግድብ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ እስከ ፏፏቴው ይወርዳል፣ በመጨረሻም አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። በኅዳር "ከብት ለማየት ነው እንዴ" ያለው ልጅ ሥዕሉን አየና "ታዲያ እኛ ሰፈር ወንዝ ውስጥ የሚጣለው ነገር ወደ ፏፏቴው ይሄዳል?" አለ።

መምህሩ ትንሽ ዝም አለ። "ቆቃ ላይ ብዙው ይቀራል። ውሃው ግን ይሄዳል" አለው።

አቃቂ ወንዝ ምን እንደሚሸት ቱሉ ዲምቱ፣ ቃሊቲና አቃቂ የሚኖር ሰው ያውቃል። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ፌስታል። ያንን ወንዝ እንደ ቦይ ነበር የማየው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ማየት አልቻልኩም።

ጥር ላይ

ትምህርት ቤት በመንፈቅ ዓመቱ ሲዘጋ ሄድን። በዚህኛው አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነበርን፤ ስድስት ልጅ፣ አምስት ወላጅና አባባ። ሁለት ከፍ ያሉ መኪኖች ተከራየን። ቅዳሜ ጠዋት 4፡00 ያለ ጥድፊያ ተነሳን። ምሳ አዳማ በላን። ዘፈን አልከፈትንም፤ አባባ ያወራሉ።

ድሮ ሐዲዱ በዚህ በኩል ነበር። አሮጌው ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። አባባ በአሮጌው ሲሄዱ ከመስኮት ሳላ ይቆጥሩ ነበር። "በማለዳ ነበር የምናልፈው" አሉ። "ለዚህ ነው የማውቀው። እኔ ብልህ ሆኜ አይደለም፣ ባቡሩ በዚያ ሰዓት ስለሚያልፍ ነው።"

በሰቃን እንዳለፍን ቆምን፤ ለፎቶ ሳይሆን ለድንጋይ። ከመንገዱ ዳር ጥቁር፣ ሹል፣ የተቆላ የሚመስል የድንጋይ ሜዳ አለ። ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ከፈንታሌ ግርጌ ተሰንጥቆ የወጣ ቅልጥ አለት ነው፤ ዛሬም ሣር ብዙም አልደፈረውም። ልጄ እጇን አስቀመጠችበት። የዛሬ ዓመት አልጋዋን ያነቃነቀው እሳት ዘመድ መሆኑን ነገርኳት። በዚያን ጊዜም መሬት ውስጥ የቀለጠ አለት መንገድ እየሰነጠቀ ሲገፋ ነው የተንቀጠቀጥነው፤ ያኔ ግን ወደ ላይ አልወጣም። ቀና ብላ ተራራውን አየችው። አየሩ ጥርት ያለ ነበር። 2,007 ሜትር ከፍታ፣ አፉ ሰፊ፣ ትከሻው የተሰነጣጠቀ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ምንም አላለችም።

9፡30 ፓርክ ገባን። ስካውት ተሳፈረልን። ኢላላ ሳላ ሜዳ ገብተን አንዱ ግራር አጠገብ ሞተር አጠፋን። ጥር ስለሆነ ሣሩ ደርቆ አጥሯል። ሩቅ ይታያል። ለአርባ ደቂቃ ያህል ነፋስና ወፍ ብቻ ነበር። እንሹዎች ሁለት ሆነው ቁጥቋጦ ሥር ብቅ አሉ፤ ከጥንቸል ትንሽ ከፍ ያሉ፣ ዓይናቸው ፊታቸውን የሚያክል። የሜዳ ፍየሎችም አለፉ። ትልቅ፣ ከባድ፣ የሚራመድ ወፍ መጣ፤ ጀርባው ላይ ቀይ ወፍ ተቀምጣለች። ትልቁ ሲራመድ ፌንጣ ይነሳል፣ ቀይዋ ብድግ ብላ ትቀልብና ተመልሳ ትቀመጣለች። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ፤ ድምፅ የለም። አቃቂ የተማሩት ነው።

ያን ማታ አዋሽ ሰባት ከተማ አደርን። አባባ ጣቢያውን ሊያሳዩን በእግር ወሰዱን። ብዙ አልተናገሩም።

እሑድ 12፡15 በር ላይ ነበርን። ገና ፀሐይ አልወጣችም። ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር፤ በኅዳር ያነደደን ሜዳ መሆኑን ማመን ያስቸግራል። ሜዳው መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ወርቃማ ሆነ። ሞተር አጠፋን። ጠበቅን።

መጀመሪያ ያያቸው ያው ትንሹ ልጅ ነው። በጣቱ አሳየ።

አሥራ ሰባት ነበሩ። በሰልፍ፣ ከግራሩ በኩል፣ እየጋጡ ወደ እኛ ይመጣሉ። ሳላን በሥዕል ያየ ሰው አላየውም። ግራጫ ገላ፣ ጎኑ ላይ በቀለም እንደተሠመረ ጥቁር መስመር፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። በጎን ሲቆሙ ሁለቱ ቀንዶች አንድ ይመስላሉ። መሃላቸው አንድ ግልገል ነበር፤ ገና ቡኒ፣ መስመር ያልወጣለት፣ እናቱን ተጠግቶ። መቶ ሜትር ያህል ሲደርሱ የመጀመሪያዋ ቆመች። አየችን። እኛም አየናት። ጆሮዋ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መጋጥ ቀጠለች።

አባባ ከኋላ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሃያ አምስት ደቂቃ አብረውን ነበሩ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንድ በአንድ ወደ ጥላ ሄዱ። 3፡30 ሲሆን የቀሩት ያ በኅዳር ያየነው ነው፤ ግራር ሥር፣ ርቀው፣ የማይንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች። ልጆቹ ግን አሁን ድንጋይ ነው አላሉም።

ስለ ከብቱም ጥያቄው መልስ አገኘ። ከበሩ አጠገብ አንድ ታዳጊ ላሞች ይዞ ቆሞ ነበር። አባባ በኦሮምኛ አዋሩትና ለልጆቹ ተረጎሙላቸው። ከረዩ ነው፤ የአካባቢው አርብቶ አደር ኦሮሞ። አያቶቹ ከብት ያግጡ የነበረው ከዚህ እስከ ወንዙ ነበር። ከዚያ የመተሐራ ስኳር እርሻ መጣ፣ ፓርኩ መጣ፣ ሐይቁ ሰፋ። ድርቅ ሲሆን ሣር ያለው ፓርኩ ውስጥ ብቻ ነው። "ወዴት ልንዳቸው?" አለ ልጁ። ከእኛ ልጆች የሚመልስ አልነበረም፣ ከእኛም። ስካውቱ ዝም ብሎ ሰማ፤ እሱም የአካባቢው ልጅ ነው። እኔ በኅዳር ከብቱን እንደ እንቅፋት ነበር ያየሁት። ያ ታዳጊ ከልጄ ብዙም አይበልጥም። ስለ ፓርኩ የሚጨነቅ ሰው ስለ እሱም ካልተጨነቀ ሳላውን ማቆየት አይቻልም ብዬ አስባለሁ።

ስንወጣ ዋናው አስፋልት ላይ አንድ ቀበሮ ተገጭቶ ወድቆ ነበር። የጅቡቲ መንገድ ፓርኩን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። የጭነት መኪናው ብዙ ነው፣ ፍጥነቱም ብዙ። ሹፌራችን ሳንነግረው ቀነሰ።

ያልተፈታው

ሂሳቡን ልናገር። የኅዳሩ ጉዞ ለአዋቂ 1,500 ብር ነበር። የጥር ወሩ 4,600 ብር ሆነ። በምላሹ ፓርክ ውስጥ ስድስት ሰዓት ተኩል ቆየን፤ ሁሉም በመልካሙ ሰዓት፣ ማለዳና አመሻሽ። የሦስት እጥፉ ወጪ ግን ሰው ለየ። በኅዳር ከሄዱት ልጆች አምስቱ በጥር ቀሩ። ወላጆቻቸው ለአንድ እሑድ ይህን ያህል ማውጣት አይችሉም። ከጥር ወሩ ጉዞ በኋላ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ስለ ሳላ ሲያወሩ እነዚያ አምስቱ ቆመው ይሰማሉ። ይህንን አይቼ ደስታዬ ሙሉ አልሆነም።

ከብዙ ንግግር በኋላ ዕቁብ ጀመርን። በየሳምንቱ 150 ብር። ብሩ ለሰው አይወጣም፤ ለመኪናና ለአልጋ ይጠራቀማል። ቅድሚያ በጥር ለቀሩት ልጆች ነው። ገንዘቡን የሚይዙት አባባ ናቸው፤ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። የሚቀጥለው ጉዞ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርቅ ነው።

ዝርዝሩ አሁን የብሎካችን መግቢያ ላይ ተለጥፏል። ከላይ የመነሻው ቀን፣ ከሥሩ የአምስቱ ልጆች ስም። በኅዳር ጽፈነው በነበረው ወረቀት ላይ "ከሌሊቱ 11፡30 መነሻ፣ ማታ 2፡00 መመለሻ" ይል ነበር። በዚህኛው ላይ የተጻፈው ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ "እሑድ ጠዋት 12፡15፣ ሜዳው ላይ።" የጻፈችው ልጄ ናት። ከጎኑ ቀጥ ያሉ ሁለት ቀንዶች ሥላበታለች።